መርፌ የሌለበት ወር

ተነጋጋሪዎቹ አክስትና የእህት ልጅ ናቸው። እሷ አዲስ አበባ ውስጥ በጤና ጣቢያ የክትባትና የሕፃናት ክፍል ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። እሱ የስምንት ወር ልጅ አባት ነው፤ የሚተዳደረው በሾፌርነት ነው። ቀኑ እሑድ ነው፤ ሕፃኗ ሚሚም አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች።

አባት፦ ይኸው ካርዷ፣ እቴቴ። በተወለደች ዕለት፣ በ45 ቀን፣ በሁለት ወር ተኩል፣ በሦስት ወር ተኩል፤ አንድም አላመለጣትም። የቀራት የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ነው። እስከዚያ እረፍት ላይ ነን።

ነርሷ፦ ጎሽ! ያረፋችሁት ግን ከምንድን ነው?

አባት፦ ከጤና ጣቢያ ነዋ። ሰልፉን መቼም ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ልጅቷ ደህና ናት፤ ትስቃለች፣ ትጫወታለች። መርፌ ከሌላት ምን ልትሠራ ትሄዳለች?

ነርሷ፦ ይህን ጥያቄ ስሰማው ነው የኖርኩት። እናቶች ገና በር ላይ ሆነው «ዛሬ መርፌ አላት?» ይላሉ። «የላትም፣ ትመዘናለች» ስትያቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይመለሳሉ። አልፈርድባቸውም። እኛም ካርዱ ላይ የምንጽፍላቸው የመርፌውን ቀጠሮ ብቻ ነበር። ሰዉ ከእኛ የተማረው ጤነኛ ልጅ ለመርፌ፣ የታመመ ልጅ ለመድኃኒት እንደሚመጣ ነው። ሁለቱም በሌሉበት ወር ልጁን የሚያየው ባለሙያ የለም።

አባት፦ ባያየውስ? ልጅ በዕድሉ ያድጋል ሲባል አልሰማሽም?

ነርሷ፦ ሰምቻለሁ፤ በዕድል ያላደጉትንም አይቻለሁ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን አያዩም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 59 ወረደ። ዕድላችን በአንድ ጊዜ አላማረም። ክትባቱ ተስፋፋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች በቅርብ መታከም ጀመሩ።

አባት፦ እንግዲያው ተሳክቷል ማለት ነው።

ነርሷ፦ ከሞት በማትረፉ፣ አዎ፣ ብዙ ተሄዷል። ግን በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አይመጥንም። ይህ ሁሉ ልጅ ያልተከተበ እንዳይመስልህ። ካርዱ በፊርማ የሞላለት የቀነጨረ ልጅ በእጄ መዝኜ አውቃለሁ። ለኩፍኝ መርፌ አለው፤ ለመቀንጨር ግን መርፌ አልተሠራለትም።

አባት፦ የእኔ ልጅ አልቀነጨረችም። ጉንጯን አላየሽም እንዴ?

ነርሷ፦ ጉንጯን ሳምኩት እኮ! አሁን ቁጥሯን አሳየኝ። ከካርዱ ሌላ ወረቀት የላትም?

አባት፦ ባለፈው ሳምንት ስታስል ክሊኒክ ወስደናት ነበር። ማዘዣው እዚህ ቦርሳው ውስጥ አለ። ይኸው፤ 6.9 ኪሎ ይላል።

ነርሷ፦ ለምን እንደመዘኗት ታውቃለህ?

አባት፦ የሽሮፑን መጠን ለማወቅ መሰለኝ።

ነርሷ፦ አዎ። የመጣችው በሳል ነው፤ ሳሏን አይተው መድኃኒቷን ሰጡ። ክብደቷ ለእነሱ የሽሮፕ ሂሳብ ነበር። እስቲ እስክሪብቶ አቀብለኝና ካርዱን ገልብጠው። ይህን ግራፍ አይተኸው ታውቃለህ?

አባት፦ እኔ የማየው የክትባቱን ቀን ነው።

ነርሷ፦ ወደ ጎን የሚሄደው ዕድሜዋ በወር፣ ወደ ላይ የሚወጣው ክብደቷ በኪሎ ነው። መሐል ለመሐል የሚያልፈው መስመር የመካከለኛዋን ልጅ ያሳያል። ስትወለድ 3.2 ኪሎ፤ እዚህ ላይ ነጥብ አድርግ። በ45 ቀን 4.5፣ በሁለት ወር ተኩል 5.3፣ በሦስት ወር ተኩል 6.1። አሁን ነጥቦቹን አገናኛቸው።

አባት፦ መሐለኛውን መስመር ይዛ ነው የምትወጣው።

ነርሷ፦ አዎ፣ እስከዚህ ድረስ። አሁን ስምንት ወር ላይ 6.9ን አስቀምጥና አገናኘው።

አባት፦ ... ተጋደመ እኮ። ግን ከታችኛው መስመር በላይ ናት አይደል? ከታች አልወደቀችም።

ነርሷ፦ አልወደቀችም። ዛሬ አምጥተህ ብታሳየኝና የቀድሞውን ባላውቅ፣ ነጥቧን ብቻ አይቼ «ትንሽ ቀለል ትላለች እንጂ ደህና ናት» ብዬ እሸኝሃለሁ። ነጥብ የሚነግርህ ዛሬ የት እንዳለች ነው። ወዴት እየሄደች እንደሆነ የሚናገረው መስመሩ ነው። በአራት ወር ተኩል ውስጥ የጨመረችው 800 ግራም ነው። መካከለኛዋ ልጅ በዚያው ጊዜ 1.8 ኪሎ ያህል ትጨምራለች። ልጅህ ከግማሹ በታች ነው ያገኘችው።

አባት፦ ሳሉ ይሆናላ።

ነርሷ፦ የአንድ ሳምንት ሳል ይህን ሁሉ አይወስድም። መሳቢያውን ክፈትና ባለቀለሟን ሜትር አምጣልኝ። ግራ እጇን ያዝልኝ። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ለካሁ፤ መሐሉ ይህ ነው። ሜትሩ ሳይላላም ሳያንቅም እንዲህ ይጠመጠማል። 13.1 ሳንቲ ሜትር።

አባት፦ አረንጓዴው ላይ ነው!

ነርሷ፦ አረንጓዴ ነው፣ ተመስገን። ከስድስት ወር በላይ ያለ ልጅ ከ12.5 በታች ሲሆን ቢጫ ነው፤ ከ11.5 በታች ሲሆን ቀይ፣ በአስቸኳይ የሚታከም ነው። ይህች ሜትር የምትይዘው የከፋውን ነው። ልጅህ ገና መንሸራተት ላይ ናት፤ መንሸራተትን የሚይዘው መስመሩ ነው። መስመር ደግሞ በአንድ ነጥብ አይሠራም። ጤነኛ ሆና ስትመዘን የቆየች ልጅ ናት መስመር የሚኖራት።

አባት፦ እሺ፣ ምን ነካት ታዲያ? እስከ ሦስት ወር ተኩል እንዲያ ስትገሰግስ...

ነርሷ፦ አንተው ንገረኝ። ሚስትህ ሥራ የገባችው መቼ ነው?

አባት፦ ፈቃዷ ሲያልቅ። ከወለደች በኋላ ሦስት ወር ሰጥተዋታል።

ነርሷ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። የሦስት ወር ተኩሉ ክትባት የሚውለው በ98ኛው ቀን ገደማ ነው። አስበው እስቲ፤ እናትየው ሥራ በገባች በሳምንቱ ጤና ጣቢያውም «እንግዲህ የዘጠኝ ወር ሰው ይበለን» ብሎ ይሰናበታታል። ጡቱ ቀነሰ፣ የሚመዝናት ጠፋ፤ ሁለቱም በአንድ ሰሞን። ከዚያ ስድስት ወር ሲሞላ ምግብ ይጀመራል፤ ምግብ ሲጀመር ደግሞ እጅ ወደ አፍ ነው፣ ተቅማጡም አብሮ ይመጣል። በልጅነት ዘመኗ በጣም መታየት የሚያስፈልጋት እነዚያን ወራት ነው፤ የመርፌ ቀጠሮ የሌላትም እነዚያን ወራት ነው።

አባት፦ ቀጠሮ ከሌለማ የእኛ ጥፋት አይደለም።

ነርሷ፦ መርፌ የለም እንጂ ቀጠሮስ አለ። ስድስት ወር ሲሞላት የቪታሚን ኤ ጠብታ ትወስዳለች፤ ሰማያዊዋ እንክብል ጫፏ ተቆርጦ አፏ ላይ ትጨመቅላታለች። ዓመት ስትሞላ ቀይዋን፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ እስከ አምስት ዓመት። ሁለት ዓመት ሲሞላት በየስድስት ወሩ የሆድ ትል መድኃኒት ይጨመርላታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሞላት በየወሩ መመዘን አለባት፤ የአገሪቱ መመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። ገንዘብ አትጠየቅም። ሰማያዊዋን ወስዳለች?

አባት፦ ... አላውቅም። አይመስለኝም።

ነርሷ፦ ካርዱ ላይ የለም። እሺ፣ ቀን ማን ነው የሚያበላት?

አባት፦ እማዬ ናታ። እህትሽን ታውቂያት የለ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አትነቅልም። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን ሻይ በብስኩት፣ ማታ እናቷ ስትገባ ጡት።

ነርሷ፦ እህቴን አትውቀስብኝ። ለአራስ የሚሆነውን፣ ለልጅ የሚሆነውን እናታችን ያስተማረቻትን ነው የምታደርገው። ግን አጥሚቱ በጡጦ ነው የሚሰጣት?

አባት፦ በጡጦ፣ አዎ። ቀጠን ካላለ አይወርድም።

ነርሷ፦ እንግዲህ ሚስጥሩ ያ ነው። የስምንት ወር ልጅ ሆዷ ትንሽ ነው፤ ከጭብጧ ብዙም አይበልጥም። በውኃ ከሞላኸው ጠግባ ትተኛለች እንጂ አልበላችም። ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ መሆን አለበት። የምጥን ዱቄቱ ውስጥ ጥራጥሬ ይግባበት፣ ላዩ ላይ ቅቤ ወይ ዘይት ጠብ ይደረግበት። እንቁላል ቀቅለህ ፈጭተህ፣ ጎመንና ካሮት አድቅቀህ ትጨምርበታለህ። ሻዩን ተዉት፤ ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። በዚያው ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት፣ በዓይነትም በቁጥርም የሚበቃውን ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው።

አባት፦ ሰባት? ችግር ነዋ እቴቴ፤ ሰው ከየት ያምጣ?

ነርሷ፦ ችግርም አለ፣ አልክድም። ግን በዚያ ጥናት ከሀብታሙም ቤት አብዛኛው ልጅ አላገኘም። እንቁላል ያለበት ቤት ልጁ እንቁላል ሳይቀምስ ይውላል። ጾም ሲሆን ደግሞ ድስቱና ማንኪያው ይነካካል ተብሎ የሕፃኗም ምግብ አብሮ ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አላለች። ለልጅቷ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡላት፤ ነገሩ ያልቃል። ይህን የሚነግርህ ሰው ልታገኝ የምትችለው ስድስት ወር ላይ ብትሄድ ነበር።

አባት፦ አሁን ገባኝ። እንደ መኪና ሰርቪስ ነው ማለት ነው። ሳይበላሽ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር።

ነርሷ፦ አልገባህም። መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀለት ነው፤ ሰርቪስ የምታስደርገው እንዳያረጅ ነው። ሚሚ ገና እየተሠራች ናት። በዓመቷ የልደት ክብደቷን ሦስት እጥፍ ማድረግ፣ ቁመቷን ከ49 ሳንቲ ሜትር ወደ 74 ገደማ ማድረስ አለባት፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት በሕይወቷ ተመልሶ አይመጣም። የዘይት ቀን ቢያልፍህ በሳምንቱ ትቀይረዋለህ። ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን የጎደለውን ቁመት መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

አባት፦ ቁመት ስትዪ ... እኛ ዘራችን አጭር ነው እኮ። አባቴንም አይተሽዋል። ሚዛኑ የፈረንጅ ልጅ ሚዛን ይሆናል።

ነርሷ፦ ይህን የሚሉ ሐኪሞችም ነበሩ። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት አገር ጥናት ያስጠናው፤ በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ። እናታቸው የማታጨስ፣ ጡት የጠቡ፣ በደህና ቤት የሚያድጉ ልጆችን መርጠው ለኩ። የአክራ ልጅና የኦስሎ ልጅ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አስተዳደጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ አንተ የያዝከው ግራፍ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከዚያ ጥናት ነው። አባትህ አጭር የሆነው በዘሩ ይሁን በክፉ ቀን ስላደገ፣ ማን ለካው? ዘር ኖሮበት ትንሽ ብታጥር እንኳ መስመሯ ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን ይሄዳል እንጂ እንዲህ መሐል ላይ አይተኛም።

አባት፦ በቃ፣ ነገ ሙሉ ቼክአፕ አስደርጋታለሁ። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ አልትራሳውንድም ካስፈለገ። የማውቀው ክሊኒክ አለ።

ነርሷ፦ ወይ ጉድ! ወይ ጨርሰህ አትሄድም፣ ወይ በአንድ ቀን የወር ደመወዝህን ታፈሳለህ። ለልጅ ክትትል የላብራቶሪ ጥቅል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ የቁመት ሳንቃ፣ ሜትር፣ ዓይን ያለው ባለሙያና ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር አጠራጥሮ ደም ይታይ ከተባለ ያኔ ይታያል። እስቲ ወደዚህ አቅርባት።

አባት፦ ምን ልታደርጊ?

ነርሷ፦ እርግብግቢቷን ልዳስስ። ለስላሳ ናት፤ አልጎደጎደችም፣ አልተወጠረችም። በዚህ ዕድሜ ክፍት ናት፤ በዓመትና በዓመት ተኩል መሐል ትገጥማለች። መዳፏን ከእኔ መዳፍ ጋር አስተያየው፤ ትንሽ ነጣ ይላል፣ ይህን ጤና ጣቢያ ለምታገኛት ነርስ ንገራት። የእጅ አንጓዋ አልሰፋም። ጎኗ ላይ የአጥንት ጉብታ የለም። ፀሐይ ታሞቋታላችሁ?

አባት፦ እማዬ ምች ይመታታል ትላለች። ዓይን እንዳይበላትም ትፈራለች። ስትወጣም ተሸፍና ነው።

ነርሷ፦ ይህ የእህቴ ብቻ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ልማድ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጆቻችን በሪኬትስ፣ በአጥንት መላላት በሽታ፣ እግራቸው ይጎብጣል። ጣጣው ደግሞ እግር ላይ አይቆምም። ጥቁር አንበሳ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ጥናት በ1989 ዓ.ም. ላንሴት ላይ ወጥቷል። በሳንባ ምች ከገቡት ልጆች 42 በመቶው ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 4 በመቶው ብቻ። ደረቱ የላላ ልጅ ሳል ሲይዘው መተንፈስ ያቅተዋል። አየህ፣ ሳሉን ብቻ የሚያይ ሰው ሳሉን ያክማል። ከወራት በፊት አንጓዋን የዳሰሰ ሰው ግን «ጠዋት ጠዋት ልብሷን ገልጣችሁ ፀሐይ አሙቋት» ይላል፤ በነጻ።

አባት፦ ዓይን የሚባለውን ግን አንቺም ቢሆን...

ነርሷ፦ ዓይኑን ከፈራችሁ በጓሮ አሙቋት፣ ማን ያያታል? ከሰው እምነት ጋር አልጣላም። «ልጄን አትቁጠሩብኝ፣ ኪሎዋን ጮክ ብላችሁ አትጥሩ» የሚሉ እናቶች ነበሩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ አሳያቸው ነበር። ወደ ክርስትናው ጉዳይም ስትመጣ እንዲሁ ነው። ወንድ በ40 ቀን ይጠመቃል፤ የ45 ቀኑ ክትባት ከዚያ በኋላ ነው፣ ማንም አይጨቃጨቅም። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ነው። ሁለት ቀጠሮዋ ከክርስትናዋ በፊት ይውላል። «አራስ ደጅ አትውጣ» በሚባልበት ቤት ስትዘገይ የማያት ሴቷን ነበር። ሚሚን በጊዜዋ ያወጣት ማን ነው?

አባት፦ ባለቤቴ ናት። ከእማዬ ጋር ሦስት ቀን ተኮራርፈው ነበር።

ነርሷ፦ ጀግና ናት፣ ንገርልኝ። አሁን ዓይኗን ልይ። ቁልፌን ሳንቀሳቅሰው በሁለቱም ዓይኗ ትከተላለች፣ አንዱ ወደ ጎን አያፈነግጥም። ከበስተኋላዋ ሆነህ ስሟን ጥራ፤ ጮክ አትበል። ዞረች፣ ሰማች። ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ይህም ጥሩ ነው። የስምንት ወር ልጅ ባትቀመጥ ገና አልሰጋም፤ ልጅ ለብቻው የሚቀመጥበት ጊዜ እስከ ዘጠኝ ወር ይዘልቃል፤ መራመዱም ከስምንት ወር እስከ ዓመት ተኩል ይለያያል። የጎረቤት ልጅ ቀድማት ብትራመድ አትደንግጥ። የምሰጋው ያገኘችውን ነገር መልሳ ብታጣው ወይም ጊዜው ከነጭራሹ ቢያልፋት ነው።

አባት፦ ይህ ሁሉ በዓይን ይታያላ! እኛም እናየዋለን።

ነርሷ፦ ታያላችሁ፤ ከሁሉም ቀድመው የሚያዩት ወላጆች ናቸው። ችግሩ ያዩትን የሚነግሩት ሰው ማጣታቸው ነው። የኩፍኙ ሁለተኛ ዙር 15 ወር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ትምህርት ቤት መርፌ የለም። ካሁኑ ክፍተት የባሰው ክፍተት ያ ነው። በሁለት ዓመቱ ቃል ያላወጣ ልጅ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ይባላል። ጆሮው ሲመግል ኖሮ እንደሆነ፣ መስማት ተስኖት እንደሆነ፣ ኦቲዝም እንደሆነ የሚያጣራ የለም። ስድስት ዓመት ሲሞላው አስተማሪዋ «ይህ ልጅ አይሰማም» ትላለች። ዓይኑ የሚንሸዋረረውንም «ሲያድግ ይተወዋል» ይሉታል፤ አእምሮ ደካማውን ዓይን ችላ ማለት ከለመደ በኋላ ለመመለስ ይዘገያል።

አባት፦ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ሁልጊዜ «የልጄ ቀጠሮ ነው» ስትል የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር።

ነርሷ፦ እዚያ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ ወር፣ በዓመት፣ እያለ ይሄዳል። በዘጠኝ ወር፣ በዓመት ተኩልና በሁለት ዓመት ተኩል የልጁን አነጋገርና አስተሳሰብ የሚያጣራ የጥያቄ ወረቀት ወላጅ ይሞላል። መርፌ ኖረም አልኖረም ቀጠሮው ቀጠሮ ነው። እኛ ዘንድ ያ ሁሉ ሐኪም የለም። የወር ሚዛኑ ግን አለ፤ እሱን እንኳ አልተጠቀምንበትም።

አባት፦ እውነቱን ልንገርሽ እቴቴ? ለሚዛን ብዬ አንድ ጠዋት ሥራ ባቆም፣ ሄጄ መዝነው «እሺ፣ ሂድ» ቢሉኝ ያናድደኛል። ከታመሙ ልጆች ጋር ተቀላቅላ ሌላ በሽታ ይዛ ብትመጣስ?

ነርሷ፦ እውነትህን ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ድክመት ይኸው ነው። ልጅን ከነጋቢው መዝኖ ጋቢውን የሚያሳድግ አለ! ኪሎውን ጽፎ ነጥቡን የማያደርግ፣ ነጥቡን አድርጎ ለእናትየው የማይነግር አለ። ቁመትማ በብዙ ቦታ አይለካም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ራሷን ሌላው ጉልበቷን ይይዛል፣ ያቺም ትጮኻለች። መዝኖ ዝም ማለት ልጅ አያሳድግም። የሚያሳድገው ከሚዛኑ በኋላ ያለው ወሬ ነው፤ ምን በላች፣ ማን አበላት፣ ስንት ጊዜ አስቀመጣት፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ የሚለው። ወሬው እንዲኖር ግን አንተም መጠየቅ አለብህ። ስለ ሰልፉ ደግሞ፣ የክትባቱና የክብደት ክፍሉ ከሕሙማን ክፍል የተለየ ነው፤ በረንዳው ላይ ጠብቅ፣ የሚያስል ልጅ አጠገብ አትቀመጥ።

አባት፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ሰኞ እናቷ ታስፈቅድና ትወስዳታለች።

ነርሷ፦ እናቷ ምን አደረገች? ፈቃዷን ጨርሳለች፤ አራት ጊዜም ወስዳታለች። የራስህ ጌታ አንተ ነህ፤ መኪናህን አቁመህ አንተ ውሰዳት።

አባት፦ እኔ? እዚያ እኮ ሴቶች ብቻ ናቸው።

ነርሷ፦ ወንድ የመጣ ቀን ነርሶቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስተናግዱት። እስቲ ልፈትንህ። ነርሷ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላች?» ብላ ብትጠይቅህ ምን ትላለህ?

አባት፦ ... አጥሚት። ብስኩት። ከዚያ ... እማዬን ልደውልላት?

ነርሷ፦ ነገርኩህ! ማታ ከእናትህና ከሚስትህ ጋር ተቀምጠህ የሦስት ቀን ምግቧን ጻፍ፣ ካርዱንና ማዘዣውን ያዝ። ስትመዘን ልብሷን ራስህ አውልቅላት። ቁመቷንም ይለኩልህ። ቪታሚን ኤዋን ጠይቅ፣ መዳፏን አሳይ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ በአንድ ወር ይጻፉልህ፤ የኩፍኟም ያኔ ይደርሳል።

አባት፦ «ደህና ናት፣ ሂድ» ካሉኝስ?

ነርሷ፦ «መስመሯ የት ደረሰ?» በላቸው። ነጥቡን አድርገው እስኪያሳዩህ ከወንበሩ አትነሳ።